ፀሐይዋን ወይስ ፊትን? በሃያብለ ምሽት ብርሃንን መለካት

ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ሲያልፍ የሃያብለ ሙቀት ይሰበራል። የቆርቆሮና የብሎኬት ቤቶቹ ጥላ ወደ ምሥራቅ ይረዝማል፤ ከጥላ ሳይወጣ የዋለው ሰው ወንበሩን ደጅ ያወጣል፤ ልጆች አቧራማው ሜዳ ላይ ኳስ ይጀምራሉ። ከባልባላ ከፍታ ወደ ምሥራቅ ሲያዩ፣ ከአምቡሊ ማዶ፣ የጂቡቲ ከተማ ይታያል። በምዕራብ በኩል ያለው እስከ አርታ ተራሮች የሚዘልቅ ደረቅ ምድር ነው። ከአስፋልቱ አቅጣጫ የከባድ መኪና ድምፅ አይጠፋም፤ ከወደብ ጭነው በጋላፊ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የሚያቀኑ መኪኖች ናቸው።

ከሜዳው ዳር፣ አንድ ጉብታ ላይ፣ ሁለት ኢትዮጵያውያን እህትና ወንድም ቆመዋል። እሷ ከምትሠራበት ምግብ ቤት የዕረፍት ቀኗ ነው፤ ነጠላዋን አጣፍታለች። እሱ ስልኩን ወደ ምዕራብ አነጣጥሯል፤ ፀሐይዋ ከእህቱ ትከሻ በላይ ቀልታ ትታያለች። ደጋግሞ ያነሳታል። ስልኩን ተቀብላ ስታይ ቅር አላት።

«እኔ የታለሁ? ጥላ ብቻ ነው እኮ!»

«ፀሐይዋ ግን እንዴት እንዳማረች እያት።»

«እማዬን የናፈቃት ፀሐይ መሰለህ?»

ፎቶው ማታ በኢሞ የሚላክ ነው፤ ደሴ ላሉት እናታቸው። ጠጋ ብዬ ስልኩን እንዲያውሰኝ ጠየቅኩት፤ «ይኸው ጋሼ» ብሎ ሰጠኝ። ጣቴን ከመስታወቱ ላይ፣ ፊቷ ካለበት ቦታ፣ አሳረፍኩ። ወዲያው ፊቷ ፈካ፤ የጉንጯ ቅርጽ፣ የነጠላዋ ጥለት ወጣ። ከኋላዋ ያለው ሰማይ ግን ነጭ ሆኖ ጠፋ፤ ፀሐይዋም የት እንደነበረች አትታወቅም። አሁን ደግሞ ሰማዩን ነካሁ። ብርቱካናማው ቀለም፣ ቀዩ፣ የአርታ ተራሮች ጠርዝ ተመለሰ፤ እህቱ መልሳ ጥላ ሆነች። ወንድሟ በትከሻዬ ላይ አንገቱን አስግጎ ሲያይ ቆየና፣ «ሁለቱን አንድ ላይ አይሆንም ጋሼ?» አለኝ።

ይሆናል። ግን ካሜራው በራሱ አያደርገውም። ጀምበር ስትጠልቅ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ለማን፣ ምን ለማሳየት እንደሚያነሳ አስቀድሞ መወሰን አለበት። ኤክስፖዠር (ካሜራው የሚቀበለው የብርሃን ልክ) የምንለው ነገር ሁሉ የዚህ ውሳኔ ማስፈጸሚያ ነው። ባለሙያውንም፣ ስልኩን ይዞ ደጅ የወጣውንም እኩል ይመለከታል።

ለኪው ምን ይፈልጋል?

ስልክም ይሁን ትልቅ ካሜራ፣ በውስጡ ብርሃን ለኪ አለው። በመሠረቱ ለኪው ከፊቱ ያለው ፀሐይ ይሁን ሰው፣ ግድግዳ ይሁን የፍየል መንጋ አይለይም፤ የሚያውቀው የደረሰውን የብርሃን መጠን ብቻ ነው። ስለዚህ ያየውን ሁሉ አደባልቆ፣ ፎቶው በአማካይ መካከለኛ ግራጫ እንዲሆን ይሠራል። በፎቶ አንሺዎች ዘንድ ይህ ግራጫ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶ ገደማውን የሚመልስ ተደርጎ ይታሰባል። አዳዲስ ስልኮች ፊትን መለየት ቢጀምሩም፣ ሥራቸው የተመሠረተው በዚሁ አማካይ ላይ ነው።

ፀሐይ በፎቶው ውስጥ ስትገባ አማካዩ ይዛባል። ለኪው «ብርሃን በዛ» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል፤ ሰው ጥላ ይሆናል። ጥቁር መሬት ወይም ጥቁር መንጋ ፎቶውን ሲሞላው ደግሞ «ብርሃን አነሰ» ብሎ ሁሉንም ያፈካል፤ ሰማዩ ይነጣል። በሁለቱም ጊዜ መሣሪያው አልተበላሸም። የተሠራለትን ነው የሠራው።

ፎቶ አንሺው ብርሃኑን የሚገዛባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው አፐርቸር ነው፤ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት። ሁለተኛው ሹተር ነው፤ ብርሃን የሚገባበት ጊዜ ርዝመት። ሦስተኛው አይኤስኦ ነው፤ ካሜራው ለደረሰው ብርሃን የሚሰጠው የትብነት መጠን። የሦስቱም መለኪያ ስቶፕ ይባላል፤ አንድ ስቶፕ መጨመር ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ፣ አንድ መቀነስ ደግሞ በግማሽ ማሳነስ ነው። በጠራራ ፀሐይ ለኪ ሳይኖር የሚሠራበት የቆየ ደንብ አለ፦ አፐርቸሩን 16 ላይ አድርጎ፣ የሹተሩን ፍጥነት ከአይኤስኦው ቁጥር ጋር ማመሳሰል። አይኤስኦ 100 ከሆነ ሹተሩ የሴኮንድ መቶኛ ነው። በጂቡቲ ቀትር ይህ ደንብ ያለ ችግር ይሠራል።

ምሽት ላይ ግን አንድ ፎቶ ውስጥ በጣም የተራራቁ ብርሃኖች ይገናኛሉ። የዛሬ ጥሩ ካሜራ ከጨለማው ጥግ እስከ ብሩሁ ጥግ 14 ስቶፕ ያህል ልዩነት በአንዴ ሊይዝ ይችላል፤ የስልክ ካሜራ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ከዚህ ያንሳል። ገና ቀይ ሆና ባልደበዘዘች ፀሐይና ጀርባውን ለፀሐይ በሰጠ ሰው ፊት መካከል ያለው ልዩነት ከዚህም ሊያልፍ ይችላል። እዚህ ላይ ዲጂታል ካሜራ አንድ የማይለወጥ ጠባይ አለው፦ ከልክ በላይ ነጥቶ የጠፋ ቦታ በኋላ ምንም ቢደረግ አይመለስም፤ የጨለመ ቦታ ግን፣ ጥራቱ ቢቀንስም፣ በተወሰነ ደረጃ ሊፈካ ይችላል። ስለዚህ የምሽት ፎቶ ዋና ሕግ ብሩሁን ማዳን ነው። በነጋቲቭ ፊልም ዘመን ያደጉ ፎቶ አንሺዎች በተቃራኒው ነበር የለመዱት፤ ፊልሙ ብርሃን ቢበዛበት ይታገሣል፣ ጨለማ ግን አይወድም። ከፊልም ወደ ዲጂታል የተሻገረ ሰው ይህን ልማዱን መቀየር ነበረበት።

የሃያብለ ምሽት አይጠብቅም

ስለ ምሽት ፎቶ የተጻፉ መጻሕፍት አብዛኞቹ የተጻፉት በሰሜን አገሮች ነው። እዚያ ፀሐይ ወደ አድማስ የምትወርደው በሰያፍ፣ ቀስ እያለች ነው። ጂቡቲ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ትገኛለች፤ እዚህ ፀሐይ የምትወርደው ቀጥ ብላ ነው ማለት ይቻላል። የፀሐይዋ የታችኛው ጠርዝ አድማስ ከነካ በኋላ ሙሉ በሙሉ ለመጥለቅ ሁለት ደቂቃ ከጥቂት ሴኮንድ ይበቃታል። ከጠለቀች በኋላ ያለ መብራት ደህና አድርጎ የሚያሳየው ወገግታ በጂቡቲ 21 ደቂቃ ገደማ ይቆያል፤ በመጋቢት ወር በስቶክሆልም ይኸው ወገግታ 40 ደቂቃ ገደማ ነው። ፎቶ አንሺዎች «ወርቃማው ሰዓት» የሚሉት ጊዜ በሃያብለ ከ40 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለኤክስፖዠር ትልቅ ትርጉም አለው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባሉት ሃያ ደቂቃዎች ውስጥ ብርሃኑ በሰባት ስቶፕ ገደማ ይወርዳል። በሌላ አነጋገር በየሦስት ደቂቃው በግማሽ ይቀንሳል። ትንሽ ቀደም ብሎ ትክክል የነበረው ልክ አሁን ትክክል አይደለም። በሃያብለ ምሽት ልኩን አንዴ አስተካክሎ የሚተው ሰው የሚቀጥሉትን ፎቶዎች ሁሉ ያጨልማል።

በአንጻሩ የዚህ አገር ሰማይ የሚሰጠው ትልቅ ጥቅም አለ፤ ሰዓቱ እምብዛም አይዛነፍም። ዓመቱን በሙሉ በጂቡቲ ፀሐይ የምትጠልቀው በኅዳር ከ11 ሰዓት ከ40 ገደማ፣ በሰኔ መጨረሻ ደግሞ ከ12 ሰዓት ከ36 ገደማ ባለው መካከል ነው። የሚለወጠው አቅጣጫዋ ነው። በመጋቢትና በመስከረም፣ ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ፣ ቀጥታ ወደ ምዕራብ፣ በአርታ ተራሮች አካባቢ ትጠልቃለች። በሰኔ ወደ ሰሜን ታዘነብልና ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ወዳለው የጎዳ ተራራ ትቀርባለች። በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ በረሃው ትሄዳለች። በአንዱ ጫፍና በሌላው መካከል 48 ዲግሪ ገደማ አለ። ከፊቷ ተራራ ሲኖር ደግሞ በሰንጠረዥ ከተጻፈው ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ቀድማ ትሰወራለች፤ ይህን ያላሰበ ፎቶ አንሺ ያመልጠዋል።

ቀለሙ ከየት ይመጣል?

የፀሐይ ብርሃን በአየር ውስጥ ሲያልፍ የአየሩ ሞለኪዩሎች ይበትኑታል። ሰማያዊው ከቀዩ አራት እጥፍ ገደማ ይበልጥ ይበተናል፤ ቀን ሰማዩ ሰማያዊ የሚሆነው በዚህ ነው። ፀሐይ አድማስ ላይ ስትደርስ ብርሃኗ የሚያቋርጠው አየር ከአናት ላይ ሆና ከምታቋርጠው ወደ 38 እጥፍ ይደርሳል። በዚህ ረጅም መንገድ ሰማያዊው በየአቅጣጫው ተበትኖ ያልቃል፤ ወደ ዓይናችን የሚደርሰው ብርቱካናማውና ቀዩ ነው። አየሩም ብርሃኑን ያጎብጠዋል፤ አድማሱን ስትነካ የምናያት ፀሐይ በእውነቱ ከአድማስ በታች ወርዳለች።

አቧራ ቀለም ያደምቃል የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ወፈር ያለ አቧራ ሁሉንም ቀለም እኩል ስለሚበትን ሰማዩን ያደበዝዘዋል እንጂ አያደምቀውም። በሃያብለ በሞቃቱ ወቅት፣ ካምሲን የሚባለው ደረቅ ነፋስ ሲነፍስ፣ ምዕራቡ የቡና ወተት መልክ ይይዛል፤ ፀሐይዋም ሳትጠልቅ አቧራው ውስጥ ትጠፋለች። የጠራ ቀለም የሚገኘው በቀዝቃዛው ወቅት፣ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ፣ ይበልጡንም ዝናብ አየሩን ካጠበው በኋላ ነው። ያም ሆኖ አቧራማ ምሽት ለኤክስፖዠር ይመቻል፤ ፀሐይዋ ስለምትደበዝዝ በእሷና በመሬቱ መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል፣ ካሜራውም ሁለቱን ሊይዝ ይችላል።

ምሽትን በእርግጥ የሚያቀላው ከአቧራ በላይ፣ በስትራቶስፌር የሚንሳፈፍ ደቃቅ የሰልፈር ጠብታ ነው፤ እሱን የሚያመጣው እሳተ ገሞራ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1883 ክራካታው ሲፈነዳ በዚያው ዓመት መጨረሻ የዓለም ምሽት ቀላ፤ በአሜሪካ አንዳንድ ከተሞች ሰዎች ቃጠሎ መስሏቸው የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ጠርተዋል። የእኛም አካባቢ የራሱ ታሪክ አለው። ከጂቡቲ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በኤርትራ ከኢትዮጵያ ድንበር አጠገብ ያለው ናብሮ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 12 ወደ 13 ቀን 2011 ሌሊት ፈነዳ። ወደ ስትራቶስፌር የገባው ሰልፈር ከ1991ዱ የፒናቱቦ ፍንዳታ ወዲህ እስከዚያን ጊዜ ትልቁ እንደነበር ተመራማሪዎች ጽፈዋል።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ

የሃያብለን ምሽት እንደ ቡና ሥርዓት ባየው ይቀለኛል፤ ሦስት ጊዜ ይቀዳል፤ ብዙ ሰው ግን ሁለተኛውን ጠጥቶ ይነሳል።

አቦሉ ፀሐይ ከአድማስ ከፍ እንዳለች ያለው ጊዜ ነው። ብርሃኑ ዝቅ ብሎ ከጎን ይመጣል፤ የግድግዳውን ሸካራነት፣ የመንገዱን ጠጠር ሁሉ ያወጣል። ይህ የፊት ጊዜ ነው። ሰውየው ጀርባውን ለፀሐይ ከመስጠት ይልቅ ዞር ብሎ ይያት፤ ፎቶ አንሺው ፀሐይን ከጀርባው ያድርጋት። ልኩ የሚወሰደው ከፊቱ ላይ ነው። በስልክ ፊቱን ተጭኖ ልኩ እስኪቆለፍ ድረስ ጣትን ማቆየት፣ ከዚያ ፀሐይ የምትመስለዋን ምልክት ትንሽ ወደ ታች ማንሸራተት ይበቃል። ዓይን ከተጨፈነ ጎኑን ይስጥ፤ ከጎን የሚመጣው ብርሃን ደግሞ የበለጠ ቅርጽ ያወጣል።

ቶናው ፀሐይ ተራራውን ስትነካ ነው። እዚህ ውሳኔው ለሰማዩ ነው። ካሜራውን ከፀሐይዋ ጎን ወዳለው ሰማይ ያዙሩት፤ ፀሐይዋ ራሷ በለኪው ውስጥ አትግባ። ልኩን ቆልፈው ወደፈለጉት አቀማመጥ ይመለሱ። በትልቅ ካሜራ መነሻ የሚሆን ልክ አይኤስኦ 100፣ አፐርቸር 8፣ ሹተር የሴኮንድ 125ኛ ነው፤ ከዚያ ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) አይቶ፣ የቀኝ ጫፉ ግድግዳውን ገጭቶ እንደሆነ ወደ ታች ማስተካከል ነው። ጊዜ ካለ ሦስት ፎቶ ያንሱ፤ አንዱን በለኪው፣ አንዱን በአንድ ስቶፕ አጨልሞ፣ አንዱን በአንድ ስቶፕ አፍክቶ። ነጭ ሚዛኑ በ«አውቶ» ላይ ከሆነ ካሜራው ቀዩን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ሊያጠፋው ይሞክራል፤ የፀሐይ ምልክት ያለበትን ይምረጡ። በዚህ ሰዓት ፊት ለፊት የቆመ ሰው ጥላ ይሆናል፤ ከሆነ አይቀር ጥሩ ጥላ ይሁን፦ እጅና እግሩ ከአካሉ የተለየ፣ ከቤት ጋር ያልተጣበቀ፣ ከአድማሱ በላይ የወጣ። ይህን ጊዜ በመስታወት በሚታይበት የትልቅ ካሜራ መመልከቻ፣ በተለይ በረጅም ሌንስ፣ ፀሐይን በቀጥታ ማየት ዓይን ያሳውራል፤ በስክሪኑ ይመልከቱ።

በረካው ፀሐይ ከተሰወረች በኋላ ያለው ነው፤ ብዙ ሰው ግን ስልኩን ኪሱ ከትቶ የሚሄደው በዚህ ሰዓት ነው። ደመና ካለ ከታቹ የሚበራው አሁን ነው፤ ሰማዩ ወይን ጠጅ፣ ከዚያም ጥልቅ ሰማያዊ ይሆናል። ፀሐይዋ ከፎቶው ስለወጣች በሰማዩና በመሬቱ መካከል ያለው ልዩነት በጣም ይቀንሳል። የወንድሙ ጥያቄ መልስ ያለው እዚህ ነው።

ያን ምሽት ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ጠበቅን። እህቱን ወደ ምዕራቡ ሰማይ ገደም አድርገን አቆምናት፤ ሰማዩ ከኋላዋ በአንድ ጎን እንዲታይ፣ ወገግታውም የፊቷን ግማሽ እንዲነካ። የጎደለው የፊቷ ሌላ ግማሽ ነበር። የእሷን ስልክ ባትሪ አበራንና ከአንድ ሜትር ተኩል ገደማ ርቀት ያዝኩላት፤ ባዶው ብርሃን ግን ፊቷን አደረቀው፣ ግንባሯ አበራ። «ቆይ ጋሼ» ብላ የነጠላዋን ጫፍ ሁለት እጥፍ አድርጋ በመብራቱ ላይ ጣለችው። ብርሃኑ ለሰለሰ፤ በጉንጯ ላይ ተዘርግቶ ወደ አንገቷ ወረደ። ወንድሟ ሰማዩን ተጭኖ ቆለፈና አነሳ። ሁለቱም ገቡ።

በስቱዲዮ ብዙ ገንዘብ የሚወጣበት መብራት ማለስለሻ የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው። ከሰማዩ ልክ ተነስቶ፣ የጎደለውን ፊት በራስ ብርሃን መሙላት።

ብርሃኑን በቃል ማወቅ

የዚህ ሙያ ታላቅ ታሪክ የሚነገረው ለኪ ስላልተገኘበት አንድ ምሽት ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1941 አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ በኒው ሜክሲኮ ሄርናንዴዝ በምትባል መንደር ሲያልፍ ጨረቃ ወጥታ፣ የምትጠልቀው ፀሐይ የመጨረሻ ብርሃኗን በመቃብሩ ነጫጭ መስቀሎች ላይ ጥላ ያያል። መኪናውን አቁሞ ካሜራውን ሲያቆም ብርሃን ለኪውን ማግኘት አቃተው። ነገር ግን የጨረቃዋን ድምቀት በቁጥር ያውቅ ነበር፤ ከዚያ ተነስቶ በአእምሮው አስልቶ ልኩን ወሰነ፣ አንድ ፎቶ አነሳ። ለሁለተኛው ሲዘጋጅ ብርሃኑ ከመስቀሎቹ ላይ ወረደ። ያ ነጋቲቭ ከዓለም ዝነኛ ፎቶዎች አንዱ ሆነ። አዳምስ ከፍሬድ አርቸር ጋር ዞን ሲስተም የተባለውን ዘዴ የቀመረውም በዚያው ዘመን ነው፤ ፎቶ ከመነሳቱ በፊት የትኛው ክፍል ምን ያህል ጨለማ ወይም ብሩህ እንደሚሆን መወሰን።

በሃያብለ ለሚኖር ሰው ይህ ችሎታ ሩቅ አይደለም። ምሽቱ በየቀኑ በተቀራራቢ ሰዓት ይመጣል፤ ሰማዩ ብዙ ጊዜ ግልጽ ነው፤ ብርሃኑ የሚወርድበት ፍጥነት አይለወጥም። ልኩን እየጻፈ የሚያነሳ ሰው ብዙም ሳይቆይ ያለ ለኪ ያውቀዋል።

የእኛ ፊትና የሌሎች ልክ

ስለ ኤክስፖዠር ሲወራ ሊዘለል የማይገባው ነገር አለ። መሣሪያዎቹ የተሠሩት ለእኛ ፊት አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ የኮዳክ ማጠቢያ ቤቶች ቀለምን የሚያስተካክሉት «ሸርሊ» በሚባል ካርድ ነበር፤ በካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። ፎቶው ትክክል ነው የሚባለው የእሷ ቆዳ ሲያምር ነው። የጠቆረ ፊት ዝርዝሩን አጥቶ፣ ዓይንና ጥርስ ብቻ ሆኖ ይወጣ ነበር። ፊልሙ ጥቁርና ቡናማን እንዲለይ ኩባንያውን የገፋፉት ከማንም በላይ ቸኮሌታቸውና የእንጨት ዕቃቸው በማስታወቂያ አልለይ ያላቸው አምራቾች እንደነበሩ ይነገራል። ጎግል «ሪል ቶን» ያለውን ማስተካከያ በስልኩ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

በምሽት ይህ ችግር ይደራረባል፤ ብሩህ ሰማይ ከኋላ፣ ጠይም ፊት ከፊት። መድኃኒቱ ፊቱን ማንጣት አይደለም። ጠይም ፊት ጠይም ሆኖ ቅርጹ ሁሉ እንዲነበብ ብርሃኑን ከጎን ማምጣትና ፊቱ የሚያበራበትን ትንሽ ቦታ ማዳን ነው። የጠይም ቆዳ ውበት ያለው በዚያች በምታበራ ቦታ፣ በጉንጭ አጥንትና በግንባር ላይ ነው።

በዚህ አካባቢ በውሃውና በብርሃኑ የተቸገረው የመጀመሪያው ሰው የዛሬው ባለስልክ አይደለም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1883 ሐረር ላይ በካሜራ ራሱንና አካባቢውን አንስቷል፤ ለቤተሰቡ ሲልክም ፎቶዎቹ የነጡት በመጥፎ የማጠቢያ ውሃ ምክንያት መሆኑን ጽፏል። ከሁለት ዓመት በኋላ ታጁራ ላይ ለምኒልክ የሚወስደውን የጦር መሣሪያ ይዞ ነበር።

ዛሬ ውሃው አያሳስብም፤ ካሜራውም ኪስ ውስጥ ነው። ግርማ በርታ በስልኩ ያነሳቸውን የአዲስ አበባ መንገደኞች ከነጥላቸው ከአካባቢያቸው ለይቶ በቀለም መደብ ላይ አስቀምጦ እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን ድጋፍ አሸንፏል። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 ያቋቋመችው አዲስ ፎቶ ፌስት የአፍሪካ ፎቶ አንሺዎችን ሥራ ለዓለም አሳይቷል። ለዚህ ሥራ የሚያበቃው የመሣሪያው ዋጋ አይደለም፤ ብርሃኑን ማወቅ ነው።

ከምሽቱ በኋላ የተነሳው የጂቡቲ ፎቶ

ስለ ጂቡቲ ከተማ በዓለም በጣም ከታወቁት ፎቶዎች አንዱ የተነሳው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 ጆን ስታንማየር ለናሽናል ጂኦግራፊክ ሲሠራ፣ በከተማው ባሕር ዳር በጨረቃ ብርሃን የቆሙ ስደተኞችን አገኘ። ከጎረቤት ሶማሊያ የሚመጣውን ርካሽ የስልክ ሞገድ ለመያዝ ስልካቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተዋል። ሥራው ጋዜጠኛው ፖል ሳሎፔክ በዚያው ዓመት ጥር ከአፋር ሄርቶ ቡሪ የጀመረውን የእግር ጉዞ የሚከተል ነበር። ፎቶው የዓመቱ ምርጥ ወርልድ ፕሬስ ፎቶ ተብሎ በ2014 ተሸለመ። በአጃቢው ጽሑፍ እንደተገለጸው፣ በጂቡቲ በኩል ከሚያልፉት መካከል የሶማሊያ፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ሰዎች ይገኛሉ።

ፀሐይ ከሙሉ ጨረቃ አራት መቶ ሺህ እጥፍ ገደማ ትበራለች። እንዲህ ባለ ደካማ የጨረቃ ብርሃን ስታንማየር ሰዎቹን ለማፍካት አልሞከረም። ልኩን ለሰማዩና ለውሃው፣ ለትናንሾቹም የስልክ መብራቶች ሰጠ፤ ሰዎቹ ጥላ ሆኑ። ማን እንደሆኑ አይታወቅም። ስለዚህ የሁሉም ስደተኛ ምስል ሆኑ፤ ማንነታቸውም ተጠበቀ። ለዚያ ፎቶ ልኩ ትክክል ነበር።

ነገር ግን ስልክ ዘርግተው የቆሙት ሰዎች ራሳቸው ለቤታቸው የሚልኩት ፎቶ ሌላ ነው። እናት የልጇን ፊት ነው የምትፈልገው፤ ከስቶ እንደሆነ፣ ደክሞት እንደሆነ፣ ሳቁ እውነተኛ እንደሆነ የምታነበው ከፊቱ ነው። የሁለቱም ፎቶ ልክ ትክክል ነው፤ የተነሱለት ሰው ግን የተለያየ ነው። ለጋዜጣ የሚያነሳ ለዓለም፣ በኢሞ የሚልክ ለእናቱ።

ከማንሳት በፊት

ጂቡቲ ላይ ሊታሰብ የሚገባ ሌላም አለ። የወታደራዊ ሰፈሮችን፣ የወደቡን፣ የአየር ማረፊያውንና መሰል ተቋማትን ፎቶ ያለ ፈቃድ ማንሳት የተከለከለ ነው፤ በአገሩ የብዙ መንግሥታት የጦር ሰፈሮች ስላሉ ጉዳዩ በቁም ይታያል። ረጅም ሌንስ ወደ አየር ማረፊያው አቅጣጫ ከመዘርጋት ሰማዩን ከተራሮቹ ጋር ማንሳት ይመረጣል። ፀሐይ ስትጠልቅ ወዲያው የመግሪብ ሶላት ይጀመራል፤ ወደ መስጊድ የሚሄዱትንና ደጅ ምንጣፍ ያነጠፉትን ሰዎች ሳይጠይቁ ማንሳት ነውር ነው። ሲጠይቁም ፎቶውን ማሳየት፣ ከፈለጉ መላክ፣ እምቢ ካሉ አመስግኖ ማለፍ።

ከአንድ በላይ ቋንቋ በሚነገርበት በዚህ ሰፈር፣ ከሶማሊኛ፣ ከአፋርኛ፣ ከዓረብኛና ከፈረንሳይኛ ጎን ለጎን ብዙ አማርኛ ይሰማል። ሊሠሩ የመጡ፣ ሊያልፉ የመጡ፣ መኪና የሚያሽከረክሩ፣ ምግብ ቤት የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። ሁሉም በኪሳቸው ካሜራ አላቸው። ከእነሱ ውስጥ የብርሃንን ነገር የተማረ ሰው ቤተሰቡ የሚያየውን የዚህን አገር መልክ ይወስናል፤ ለዘመድ የሚደርሰው የጥላ ስብስብ ከሆነ፣ የሰው ኑሮ ከእነፊቱ አይታይም። መማሪያው ውድ አይደለም። ልኩን መቆለፍ፣ ወደ ታች ማንሸራተት፣ ሰውን ወደ ብርሃን ማዞር፣ ፀሐይዋ ከተሰወረች በኋላም ቆይቶ ማንሳት፤ ይህን ሁሉ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ መለማመድ ይቻላል። ጀማሪ ፎቶ አንሺ ከሁሉ አስቀድሞ ሊማረው የሚገባው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ ይህን ፎቶ የማነሳው ለማን ነው? እሱን የመለሰ ሰው ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ ያውቃል።